ሌሊት የተጻፈ ደብተር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ደብተር ነው። ደብተሩ የራሴ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት የቀረ ክብ ምልክት አለ። ኮሌጅ ሳለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ለታሪክ ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁበት ነው። ያጠናሁበት አልሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የቃምሁበት ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ መኝታ ቤት ያለ ጫት ለፈተና መዘጋጀት ያለ ሽንኩርት ወጥ እንደ መሥራት ይቈጠር ነበር። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥቼ፣ ለውዙና ስኳሩ ቀርቦ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሬ እስኪነጋ ተቀመጥሁ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ አንድ ታላቅ ነገር የገባኝ መሰለኝ። የበርሊን ጉባኤ፣ የቅኝ ገዥዎች ሽሚያ፣ የአፍሪካ መከፋፈል፣ ሁሉም በአንድ ክር የተሰካ ጨሌ ሆኖ ታየኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍሁ። ጠዋት የቀረበልኝ ጥያቄ ግን በጣም ተራ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 የተጀመረው ጉባኤ (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመቶች እንዲሁ አንብቧቸው) ስለ ኮንጎ ወንዝ ምን ወሰነ? የሚል ነበር። በወረቀቱ ላይ አፈጠጥሁ። ክሩ አለ፤ ጨሌው የለም።

ውጤቱን አልነግራችሁም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንቅልፌን ከጠገብሁ ወዲያ፣ ደብተሩን ገለጥሁት። በትልልቅ ፊደል፣ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ምክንያቱ ራሱ ውጤቱ ነው፤ ውጤቱም ቀድሞ ሄዷል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ይህን አትርሳ!» የሚል አለ። አልረሳሁትም። ምን ማለት እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አፍሬ ለማንም ሳልናገር ቈየሁ። ኋላ ግን ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንደ ነበረው አንብቤ ተጽናናሁ። ሰውየው በአሜሪካ የሥነ ልቡና ትምህርት አባት ከሚባሉት አንዱ፣ የሐርቫርዱ አስተማሪ ዊልያም ጄምስ ነው። ጄምስ የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበትን፣ የሚያስቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ እየሳበ፣ አእምሮው ምን እንደሚሆን ይመረምር ነበር። ጋዙ ሲይዘው ተቃራኒ ነገሮች ሁሉ፣ ደግና ክፉ፣ መኖርና አለመኖር፣ ታርቀው አንድ ሲሆኑ ታየው። የፍጥረት ምሥጢር እንደ ቀን ፀሐይ ግልጽ ሆነለት። የታየውንም ከመጥፋቱ በፊት በወረቀት አሰፈረው። ጋዙ ሲለቀው ወረቀቱን አነበበ፤ ያገኘውም ትርጕም የሌለው የቃላት ጋጋታ ነበር። ሰውየው ግን እንደ እኔ አልደበቀውም፤ በ1882 ከነቃላቱ አሳትሞ ለዓለም አሳየ። ኋላም በ1902 ባወጣው መጽሐፉ፣ ይህ የዘወትር ንቃታችን ከብዙ ዓይነት ንቃት አንዱ ብቻ እንደ ሆነና ሌሎቹን ከንቱ ብለን ልንዘጋቸው እንደማይገባን ጻፈ። አክብሬዋለሁ። ይሁንና ጄምስ በማግሥቱ ፈተና አልነበረበትም።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁ ያህል መሰማት ሌላ ነገር ነው። በደኅናው ቀን ሁለቱ እንደ አካልና እንደ ጥላ አብረው ስለሚሄዱ ልዩነታቸውን ልብ አንልም። አንዳንድ ቅጠል፣ አንዳንድ ጋዝ፣ አንዳንድ ክኒን ግን ጥላውን ብቻውን ያመጣዋል። ክፋቱ ደግሞ ይህን አይቶ መፍረድ ያለበት ዳኛ ያው የመረቀነው አእምሮ መሆኑ ነው።

የጫት መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚከንፍ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በቅጠሉ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከእርጥብ ቅጠል ተለይቶ ታወቀ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ወንድሙ ወደ ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ ገበያ የተጫነው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ ሳይደርቅ ለመድረስ የሚሽቀዳደመው ስለዚህ ነው። ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው የማነቃቂያ መድኃኒት ጋር ዘመድ ነው። በጭንቅላታችን ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ቅመም እንዲፈስ ያደርጋል። ዶፓሚን ደግሞ ከሌላው ሥራው ጋር «ይህ ቁም ነገር ነው፤ ያዘው!» የሚል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ያለ ቁም ነገሩ ሲመጣ ሰው በሻይ ብርጭቆ ሥር እንኳ ምሥጢር ያያል። በርጫ ላይ የታቀደው ንግድ፣ የተቈረጠው ሠርግ፣ የተጀመረው ልብ ወለድ ሁሉ በማግሥቱ የት እንደሚገባ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ስለ ቡና ረጅም ነገር አልናገርም፤ ይህንም የምጽፈው ሁለተኛውን ስኒ ይዤ ነው። አሠራሩን ግን የመሥሪያ ቤት ሰዎች በቶሎ ትረዱታላችሁ። ነቅተን በዋልን ቍጥር በጭንቅላታችን ውስጥ አደኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ የእንቅልፍን ጥሪ የሚያቀርበው እርሱ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን መጥቶ የአደኖሲንን ወንበር ይይዝበታል። ባለጉዳዩ አደኖሲን ግን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በኮሪደሩ ላይ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ካፌይን ከወንበሩ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ቀን ፋይል ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ክፍል ከመግባቱ በፊት በ12 ሰዓት አንድ ስኒ የሚጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ግማሽ ስኒ ገና በደሙ ውስጥ አለ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንዱ፣ ከክፍሉ 3ኛ ይወጣ የነበረ ልጅ፣ በቡናም በጫትም ተደግፎ ሦስት ሌሊት ነቅቶ ለፈተና ገባ። የሒሳቡን ወረቀት አጋመሰና ጭንቅላቱን ለአንድ ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። የተነሣው ወረቀት ሲሰበሰብ ነው። ከዚያ በኋላ አግኝቼው፣ «እንቅልፍ እንዳልያዘኝ እርግጠኛ ነበርሁ» አለኝ። ይህን አባባሉን ልብ በሉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው መድከሙን የሚመዝንበት ሚዛኑ ራሱ ይበላሻል።

ይህ ልጅ የጣለው የሦስት ሌሊት ዕረፍት ብቻ አልነበረም። በ1924 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጕም የሌላቸው ቃላት አስጠኗቸው፤ በእያንዳንዱ ዝርዝር ውስጥ 10 ቃላት አሉ። ተማሪዎቹ አንዳንድ ጊዜ አጥንተው ይተኛሉ፣ አንዳንድ ጊዜ አጥንተው የቀን ሥራቸውን ይውላሉ። ከ8 ሰዓት በኋላ ሲጠየቁ፣ ተኝተው የተነሡበት ጊዜ ከቃላቱ ግማሽ በላይ ያስታውሱ ነበር፤ ነቅተው የዋሉበት ጊዜ ግን ከ10ሩ አንድ ያህል ብቻ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ብዙ ምርምሮች እንደ ታየው፣ ጭንቅላት በእንቅልፍ ጊዜ እንደ ጠፋ ፋኖስ አይደለም፤ ቀን የተማረውን መልሶ እያነሣ ያጸናዋል። ስለዚህ ለማጥናት ብሎ እንቅልፉን የሚያሳድድ ተማሪ እህሉን አጭዶ ጐተራውን የሚያፈርስ ገበሬ ነው።

ይህ ነገር የዛሬ ተማሪ ብቻ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባውና አእምሮው እንዲከፈትለት አብሾ ይጠጣ ነበር ሲባል ከሽማግሌ ያልሰማ ማን አለ? አብሾ ይዘጋጅበታል ከሚባሉት ተክሎች አንዱ አስተናግር ነው፤ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ፍሬው እሾህ የለበሰው። ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ የቀመሰው ሰው የሌለ ነገር እያየ ለብቻው ይለፈልፋል፣ ከዚያም አልፎ ይሞታል። እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው። በፍሬው ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን፣ አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ይዘጋል። ያለዚህ መልእክተኛ ደግሞ አዲስ ነገር በአእምሮ ለመያዝ ይቸግራል፤ ሊቃውንት የመርሳትን ጠባይ ሲመረምሩ በፈቃደኞች ላይ ለጥቂት ጊዜ መርሳትን የሚያመጡት በዚሁ ስኮፖላሚን ነው። ለማስታወስ የተጠጣው የማስታወስን በር የሚዘጋ ሆኖ አረፈው! ጠጥቶ ሊቅ የሆነው ስሙ ይወራለታል፤ የታወከው ግን «አብሾ አለበት» ተብሎ ቀረ፤ ከቍጥር አልገባም።

ይህን አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ሥራ ላይ እንዳለ ያሳየው ሰው ታሪክ ደግሞ የሌሊት ጽሑፍ ታሪክ ነው። በኦስትሪያ፣ በግራዝ ከተማ ይኖር የነበረው ኦቶ ሎቪ በ1921 ገደማ አንድ ሌሊት በሕልሙ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ በእንቅልፍ ልቡ በብጣሽ ወረቀት ጫረና ተመልሶ ተኛ። ጠዋት የገዛ እጁን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በሚቀጥለው ሌሊት በ9 ሰዓት ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣ ግን አልጻፈም፤ ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የአንዲት እንቍራሪት ልብ በነርቭ በኩል ቀስ እንዲል አደረገና፣ ልቡን ያረፈበትን ፈሳሽ ለሌላ ልብ ሰጠው፤ ሁለተኛውም ልብ ቀስ አለ። በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሎቪ ለብዙ ዓመታት ጥያቄውን በልቡ ይዞ የኖረ ሰው ነበር፤ ሕልሙንም ያመነው እንቍራሪቷ ከመሰከረች በኋላ ነው።

ደብተሬን ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ «ይህን አትርሳ!» የሚለው ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ዘንድሮ ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሳትስቅ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ያን ጊዜ በእውነት ገብቶዎት ኖሮ፣ አሁን የጠፋብዎት ቢሆንስ?» አለችኝ።

ጄምስም የጠየቀው ይህንኑ ነው አልኋት። ቀጥሎ ምን እንደምላት ሳስብ ደወሉ ተደወለ፤ ደብተሩን አጥፌ ወጣሁ።