አጠገቧ ማን ተቀመጠ?

በግቢያችን ከኋላ በኩል ባሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ አራት ልጆች ተደባልለው ይኖራሉ። ሦስቱ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ ሲመሽ እግራቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። ባለፈው ክረምት አንደኛዋ ታይፎይድ ያዛት። የክፍሏ ልጆች ከፈረቃቸው መቅረት አልቻሉምና ቀን ቀን ብቻዋን ተኝታ ትውል ነበር። በሁለተኛው ቀን ሁለት ልጆች አጥሚትና ብርቱካን ይዘው በሩን አንኳኩ። ጓደኛዋ ጋብዛት አንድ እሑድ ብቻ ከሄደችበት ቸርች የመጡ ነበሩ። እስክትነሣ ድረስ እየተፈራረቁ አስታመሟት። በጥቅምት የመዘምራን ልብስ ለብሳ ከግቢ ስትወጣ አየኋት።

የግቢው ሰው ተቆጣ። «በአጥሚት ለወጧት» አሉ አንዲት እናት። እኔም ያደግሁት ታቦት በሚነግሥበት፣ ጠበል ጻዲቅ በሚቀመስበት ቤት ነውና ነገሩ ቆጠቆጠኝ። ይበልጥ የቆጠቆጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በእኔና በልጅቷ መካከል ያለው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነበር። አጥሚት አልወሰድሁላትም፤ መታመሟንም የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው።

አንድ ሰው ወደ አዲስ የሃይማኖት ማኅበር ሲገባ የምንሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። ድኻ ከሆነ በስንዴ ገዙት እንላለን። ወጣት ከሆነ አታለሉት፣ የተማረ ከሆነ ደግሞ ጠገበ። የሐዋሳ ታሪክ ግን ይህን አያሳይም።

ከተማችን የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። የሲዳማ ገበሬ ቀድሞ በኖረበት ምድር ላይ ጡረተኛ ወታደር፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከየአቅጣጫው መጥቶ ሰፈረ። በዚያ ዘመን የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን እዚህ ጣቢያ ነበረው። በክረምት በሚያዘጋጃቸው ጉባኤዎች ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪዎች ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ አገሩን ያዳረሰው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ከጀማሪዎቹ ብዙዎቹን ያገኘው በእነዚህ የሐዋሳ ክረምቶች ነው። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን የመሠረቱት ወጣቶች የስንዴ ተረጂዎች አልነበሩም። ከቤታቸው ርቀው በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማሠልጠኛና በዩኒቨርሲቲ የሚኖሩ፣ የአገሪቱ ምርጥ ተማሪዎች ነበሩ። ማኅበራቸው የመመዝገብ ፈቃድ ተከለከለ። በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህሉ በአንድ ቀን ታሰሩ። ለጥቅም የገባ ሰው እስር ቤት ድረስ አይከተልም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ገቡ። የማያውቁት በረሓ፣ የማያውቁት ጠመንጃ፣ የማይታወቅ ነገ። ከእነዚህ መካከል የኦርቶዶክስ ልጆች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ መጸለይና መማማር ጀመሩ። ከመካከላቸው በዝዋይ በአቡነ ጎርጎርዮስ እጅ የተማሩም ነበሩ። ከዚያ ስብስብና በየዩኒቨርሲቲው ከነበሩት ጉባኤያት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያት የዚያ ፍሬ ናቸው።

ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በትምህርታቸው ሰማይና ምድር ናቸው። ስለ ማርያም፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ጥምቀት አይስማሙም። የገቡባቸውን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ብናቆማቸው ግን መለየት ያስቸግረናል። ሁሉም ወጣት ናቸው፤ ሁሉም ከእናታቸው ምድጃ ርቀዋል። ሁሉም አመሻሽ ላይ «ና፣ አብረን እንቀመጥ» ያላቸው ጓደኛ ነበራቸው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አዲስ ገቢ ተማሪ በመጣ ቁጥር ይኸው ይደገማል። አንዱን የግቢ ጉባኤ ልጆች ሻንጣውን ተሸክመው ዶርም ያደርሱታል፤ ሌላዋን የፌሎሺፕ እኅቶች ካፌ ያሳዩአታል፤ ሦስተኛውን የጀመዓው ልጆች መስጊዱን ይጠቁሙታል። የመጀመሪያው ሳምንት የብዙውን ልጅ አራት ዓመት ይወስናል።

ሙሉ ወንጌል በተመሠረተበት በዚያው በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጆን ሎፍላንድና ሮድኒ ስታርክ የሚባሉ ሁለት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች ከኮርያ የመጣ አንድ አነስተኛ የሃይማኖት ቡድን ውስጥ ገብተው ማን እንደሚቀላቀል ይከታተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ትምህርቱን ሰምተው የተደነቁ ብዙዎች ሳይገቡ ቀሩ። የገቡት ከአባላቱ ጋር ያላቸው ወዳጅነት ከውጭ ካለው ሰው ጋር ካላቸው የበረታላቸው ነበሩ። ይህን ሳነብ ወላይታ ትዝ ይለኛል። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የውጭ ሚሲዮናውያንን ከዚያ ሲያስወጣ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ እንደነበሩ ሚሲዮናቸው ራሱ መዝግቧል። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ወደ 10,000 ሆነው አገኟቸው። ሰባኪው ፈረንጅ በሌለበት ቃሉን ያደረሰው ዘመድ ለዘመድ፣ ገበያተኛ ለገበያተኛ ነበር።

እምነት ከአጥሚት አይበልጥም እያልሁ አይደለም። ልጅቷ ሌሊት ስትጸልይ እሰማታለሁ፤ የልቧን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። የምለው ወደ ቃሉ የሚያደርሰው መንገድ በሰው በኩል ያልፋል ነው። ይህን መንገድ ክፉዎችም ያውቁታል። ነቢይ ነኝ ብሎ ብቸኛውን በስሙ የሚጠራ፣ ከዚያ የወር ደመወዙን በዘርና በቅባት ስም የሚቀበል ሰው የገባው በዚያው በር ነው። የፋብሪካ ልጅ ከቤት ኪራይ የተረፋትን ገንዘብ እንዲህ ሲወስዱባት ማየት ያማል። እነርሱን ግን በቲዎሎጂ ክርክር ብቻ መከላከል አይቻልም።

መውጫውም በዚያው በር ነው። ዐሥር ዓመት በአንድ ጉባኤ ያገለገለ ወዳጅ አለኝ። ልጁ ሲሞትበት ከጉባኤው አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰውም፤ ድንኳን የተከለው፣ ወንበር ያመላለሰው የሰፈሩ ዕድር ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በትምህርቱ ላይ አንድም ቅሬታ እንደሌለው ዛሬም ይነግረኛል።

ቁጥሩን የሚወድ ሰው የሕዝብ ቆጠራዎቹን ይመልከት። የፕሮቴስታንቱ ድርሻ በ1976 ዓ.ም. 5.5 በመቶ፣ በ1987 ዓ.ም. 10.2 በመቶ፣ በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ከግማሽ ጥቂት ይበልጥ የነበረው የኦርቶዶክስ ድርሻ በ1999 ዓ.ም. ወደ 43.5 በመቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። በእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ወገን ይፎክራል፣ ሌላው ያለቅሳል። እኔ ከቁጥሩ ጀርባ የምፈልገው የሚጠይቀው ሰው ያጣውን ነው።

የኦርቶዶክስ ቤት ይህን ጥበብ ከማንም በፊት ያውቀው ነበር። ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የንስሐ አባት ሁሉ የተሠሩት ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ጽዋው ግን የሚዞረው ቤት ላለው ነው። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ፍራሽ የምትጋራ የፋብሪካ ሠራተኛ ተራዋ ሲደርስ የት ትደግሳለች? ዕድሩስ ተከራይ ይመዘግባል? በሐምሌና በታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ከተማዋ ሰው አይበቃትም፤ በማግስቱ ሰኞም ሆነ ማክሰኞ፣ ያች ልጅ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ማንም ስሟን አያውቅም።

የግቢያችንን ልጅ መለወጧ ዋጋም አስከፍሏታል። አባቷ ስልኳን ማንሣት ትቷል፤ ለፋሲካም አገሯ አልገባችም። እናቷ ግን በሰው እጅ ቅቤና ቆጮ ትልክላታለች። የቸርቿ ሰዎች ይህን መሻከር እንደ ድል ባይቆጥሩት፣ ይልቁንም አባቷ ዘንድ ሄዳ እግር እንድትስም ቢመክሯት ደስ ይለኛል። የእኛዎቹም «ሄደች» ብለው ስሟን ከቡና ጥሪ መሰረዛቸውን ቢያቆሙ።

አንባቢዬ፣ በግቢያችሁ ኪራይ ክፍል ውስጥ አዲስ የገባ ልጅ ካለ፣ ሃይማኖቱን ሳትጠይቁ ስሙን ጠይቁት። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉም ጥሩት።