አሥራ ስምንቱ የጎን ነጥቦች

«ብዙ ጎል ያገባው ተሸንፎ፥ ጥቂት ያገባው ዋንጫውን አንሥቶ ሄደ፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» እየተባልሁ መጠየቅ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጠያቂዎቼ አንዳንዶቹ የክፍል ጓደኞቼ፥ አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችን፥ አንዱም የገዛ አባቴ ናቸው። በቃል የሰጠሁት መልስ ሁሉ በሣቅና በጫጫታ ስለ ተቋረጠ፥ ማንም ሊያቋርጠኝ በማይችልበት በዚህ መጽሔት ላይ አሳቤን በሙሉ ላስረዳ ተነሣሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023፥ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ 100,024 ተመልካች በተሰበሰበበት የአውስትራልያ እግር ኳስ የዋንጫ ፍጻሜ፥ የእኔ ቡድን ኮሊንግውድ 12 ጎልና 18 የጎን ነጥብ አስቈጥሮ 90 ሲያገኝ፥ የብሪዝበን ቡድን 13 ጎልና 8 የጎን ነጥብ አስቈጥሮ 86 አገኘ። ዋንጫው ለኮሊንግውድ ሆነ፤ አሥራ ስድስተኛው መሆኑ ነው።

ከወላጆች መካከል ይህን ጨዋታ ከሩቅ ብቻ የሚያዩት ብዙዎች ስለ ሆኑ ሕጉን በአጭሩ ብናገር የሚያውቁት ይታገሡኝ። ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ከእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ጨዋታውም በአራት ሩብ የተከፈለ ነው። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶ ቆሟል፤ መሐለኞቹ ሁለቱ ረዣዥም፥ ዳርና ዳር ያሉት አጠር ያሉ ናቸው። መረብ የለም፤ አግዳሚ የለም፤ በረኛም የለም። ኳሱ ከአጥቂው እግር ተነሥቶ ማንም ሳይነካው በረዣዥሞቹ መካከል ካለፈ ጎል ነው፤ 6 ነጥብ ያሰጣል። በረዥሙና በአጭሩ መካከል ካለፈ፥ ወይም ተከላካይ ነክቶት ከገባ፥ 1 ነጥብ ብቻ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ‹ቢሃይንድ› ይባላል፤ እኔ የጎን ነጥብ ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ቢነግረኝ አልቀየምም። የጎል ዳኛውም ለጎል ሁለት ባንዲራ፥ ለጎን ነጥብ አንድ ያውለበልባል።

አባቴ ያደጉት አዲስ አበባ ነው። እርሳቸው በሚያውቁት እግር ኳስ ምሰሶውን ነቅንቆ የተመለሰ ኳስና ከአጥር ውጭ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ኳስ ዋጋቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ባዶ ነው። ስለዚህ ውጤቱን በቴሌቪዥን ሲያዩ «አንተ ልጅ፥ የሳተ ሰው ይሸለማል እንዴ? እንግዲያማ ፈተና የወደቀም ዲፕሎማ ይሰጠው» አሉኝ። ብሪዝበንን የምትደግፍ አንዲት የክፍል ጓደኛም አለችኝ፤ እርስዋ ከአባቴ የባሰች ናት፤ ዋንጫው የተሰረቀ ነው ባይ ናት።

ክርክራቸው እንዲያው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጨዋታው የተፈጠረው ጎል ለማግባት ነው፤ ጎል ለማግባትም ብሪዝበን በልጧል። ነገር ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ኮሊንግውድ በጎል በ1 ያንሳል፤ ይህ 6 ነጥብ ነው። በጎን ነጥብ በ10 ይበልጣል። ከ10 ላይ 6 ሲነሣ 4 ይቀራል፤ ዋንጫውም የተገኘው በዚያች በ4 ነው። አንድ ጎል ለማካካስ ስድስት ጊዜ መሳት ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ሕጉ የሳተውን አልሸለመውም፤ የድካሙን ስድስተኛ እጅ ብቻ ከፈለው። ቀኑን ሙሉ ቈፍሮ ውኃ ያላገኘ ጉድጓድ ቈፋሪ የምንዳውን ስድስተኛ ቢቀበል ሌባ ይባላልን?

ደግሞም ሕጉ ትናንት የወጣ አይደለም። ቀድሞ የጎን ነጥብ ይመዘገብ ነበር እንጂ ከውጤት አይገባም ነበር። የቪክቶርያ የእግር ኳስ ሊግ ውድድሩን በጀመረበት በ1897 ግን ጎል 6፥ የጎን ነጥብ 1 እንዲሆን ተደነገገ። ብሪዝበኖች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ ሲገቡ ሕጉ 126 ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 12 እና 18 ሲደመር 30 ነው፤ 13 እና 8 ሲደመር 21። ይህም ማለት ኳሱ በብሪዝበን ምሰሶዎች በኩል 30 ጊዜ፥ በእኛ ምሰሶዎች በኩል 21 ጊዜ አልፏል። ኳስን እስከዚያ ድረስ ማድረስ ራሱ ሥራ ነው። ከመሐል ሜዳ ትግል ውስጥ የሚያወጣት አንድ ነው፤ ወገቡን ተይዞ እየወደቀ የሚያቀብላት ሌላ ነው፤ ከሁለት ሰው ትከሻ በላይ ዘሎ የሚቀልባት ሌላ ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ሰው እግሩ ጥቂት ስላዘነበለ የቀሩት ሩጫ እንዳልነበረ ይቈጠር የሚለው ፍርድ ለእኔ ጨካኝ መስሎ ይታየኛል። እርግጥ ነው፥ ከጎን ነጥቦች መካከል ተከላካዩ ራሱ «6 ከምሰጥ 1 ልስጥ» ብሎ በገዛ እጁ የሚያስገባው አለ። በ2008 የፍጻሜ ጨዋታ ሐውቶርን ይህን ዘዴ አብዝቶ ስለ ተጠቀመበት፥ በ2009 ማንም ሳያስጨንቀው ሆን ብሎ እንዲህ የሚያደርግ እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። መልካም ሕግ ነው። ተጨንቆ የሚሰጠው ግን ያስጨነቀው ሰው ስላለ ነውና፥ ነጥቧ ለአስጨናቂው ትገባዋለች።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ካስረዳሁ በኋላ የብሪዝበን ቡድን መጠሪያ «አንበሶቹ» መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንዲህ በለኝ እንጂ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ሣቁ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተከራክረውኝ አያውቁም። የክፍል ጓደኛዬ ግን በተረት የምትሸነፍ አይደለችም።

ለእርስዋ የምመልሰው በታሪክ ነው። ኮሊንግውድ በ1892 በድኾች ሠራተኞች ሠፈር የተቋቋመ ቡድን ነው። ከ1927 እስከ 1930 አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል፤ ይህን እስከ ዛሬ የደገመው የለም። ነገር ግን ከ1958 እስከ 1990 አንድም ዋንጫ ሳያገኝ ኖረ። እንዴት ኖረ ቢሉ እንዲህ ነው። በ1964 ፍጻሜ ከሜልበርን ጋር ሁለቱም 8 ጎል አገቡ፤ እነርሱ 16 የጎን ነጥብ፥ እኛ 12 ስለ ነበረን 64 ለ60 ተሸነፍን። በ1966 ከሴንት ኪልዳ ጋር ሁለቱም 10 ጎል አገቡ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባሪ ብሪን የመታት ኳስ እየተንገዳገደች በጎን ገባችና 74 ለ73 ሆነ። ሴንት ኪልዳ በታሪኩ ያገኘው አንድ ዋንጫ ይኸው ብቻ ነው፤ ያውም በአንዲት የሳተች ኳስ። በ1979 ከካርልተን ጋር ሁለቱም 11 ጎል፤ 82 ለ77 ተሸነፍን። በ2018 ከዌስት ኮስት ጋር አሁንም ሁለቱም 11 ጎል፤ 79 ለ74 ተሸነፍን። ይህችን የመጨረሻይቱን እኔው ራሴ በልጅነቴ አይቻታለሁ፤ ዶም ሺድ ከሜዳው ጠርዝ ላይ ሆኖ ያገባት ጎል እስከ ዛሬ ሕልሜ ውስጥ ትገባለች።

እንግዲህ አራት ጊዜ በጎል እኩል ሆነን፥ አራት ጊዜ በጎን ነጥብ ዋንጫ ተወሰደብን። በ1977 ደግሞ ኖርዝ ሜልበርን 9፥ እኛ 10 ጎል አግብተን ሳለን፥ እርሱ 22 የጎን ነጥብ ስላለው 76 ለ76 ተለያየን፤ በድጋሚው ጨዋታ ተሸነፍን። ያን ጊዜ ሁሉ «ፍርድ ተጓደለ» ብሎ ስለ እኛ የጮኸ የሌላ ቡድን ደጋፊ እንደ ነበረ አንድም ሽማግሌ አልነገረኝም። ይልቁንም ለሽንፈታችን ‹ኮሊዎብልስ› የሚል የበሽታ ስም አወጡለትና ሣቁብን። እውነቱን ለመናገር ሕጉ እኛንም ረድቶናል፤ በ2010 ሴንት ኪልዳ 10፥ እኛ 9 ጎል አግብተን 68 ለ68 ከተለያየን በኋላ በድጋሚው አሸንፈናል። ሕጉ ወዲያም ወዲህም ይቈርጣል። በእኛ ላይ ሲቈርጥ ሕግ፥ ለእኛ ሲቈርጥ ስርቆት ሊሆን ግን አይችልም።

ስለ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ካልተናገርሁ ደግሞ ሆዴ አይረካም። ቀኑ ሞቃት ነበር። ቦቢ ሂል በሁለተኛው ሩብ ከተከላካዩ ጀርባ ተነሥቶ፥ በትከሻው ላይ የወጣ ያህል ዘሎ ኳሷን ሲቀልባት ጩኸታችን ከጎረቤት ቤት ተሰማ። ይህ ልጅ በ2022 በካንሰር ታሞ የዳነ ነው፤ በዚያ ቀን 4 ጎል አግብቶ ለፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የኖርም ስሚዝ ሜዳልያ ወሰደ። በመጨረሻው ሩብ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የብሪዝበኑ ቻርሊ ካሜሮን አግብቶ ቡድኑ ቀደመን። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ግድግዳ ተደገፍሁ። ወዲያው ጆርዳን ደ ጎይ መለሰልን። ከዚያ ስቲል ሳይድቦተም፥ በ2010 ዋንጫ የወሰደው ያው አንጋፋ፥ ከሩቅ አነጣጥሮ መታና በ10 ነጥብ ቀደምን። ጆ ዳኒሀር ደግሞ ለብሪዝበን አግብቶ ልዩነቱን ወደ 4 አወረደው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሰዓት የለካው ሰው አጭር ነው ይላል፤ እኔ አላምንም። እናቴ በዚያ ሰዓት ቡና ይቈሉ ነበርና፥ ሳይረኑ ነፍቶ ጨዋታው ሲያልቅ ዐይኔን አይተው «ምን ሆነሃል?» ቢሉኝ «ጭሱ ነው» አልኋቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

የአሠልጣኛችን የክሬግ ማክሬ ነገርም የሚያስደንቅ ነው። እርሱ በ2001፥ በ2002 እና በ2003 ዋንጫ የወሰደው የብሪዝበን ቡድን ተጫዋች ነበር፤ በ2002 እና በ2003 ያሸነፉትም እኛኑ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ በተራው ብሪዝበንን አሸነፈ፤ ያውም በዚያው ዕለት ጧት ሴት ልጅ ተወልዳለት።

ይሁን እንጂ ከገዛ ወገኖቼ ጋርም የምጣላበት ነገር አለ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ «30 ጊዜ ሞክረናል፤ በሁሉም በልጠናል» እያሉ ይፎክራሉ። ይህ ከንቱ ፉከራ ነው። ወደ ፍጻሜው ባደረሱን ጨዋታዎች መጀመሪያ ሜልበርንን 60 ለ53፥ ቀጥሎ የግሬተር ዌስተርን ሲድኒን ቡድን 58 ለ57 አሸንፈን ነው የመጣን። ሜልበርኖች 18 ጊዜ ሞክረው 7 ጎል፥ እኛ 15 ጊዜ ሞክረን 9 ጎል አገባን፤ በዚያ ጨዋታ ብዙ የሞከረው ተሸንፏል። ከሲድኒው ቡድን ጋር ደግሞ ሁለታችንም 8 ጎል አግብተን፥ እኛ 10፥ እነርሱ 9 የጎን ነጥብ አገኘን። የሦስቱ ጨዋታ ልዩነት ተደምሮ 7፥ 1 እና 4፥ በጠቅላላው 12 ነው፤ ይህም ሁለት ጎል ብቻ ነው። በሁለት ጎል ሦስት ጠንካራ ቡድን አልፎ ዋንጫ ያነሣ ሰው ደስ ይበለው እንጂ አይፎክር። እኔን ደስ ያሰኘኝም ራሱ ጥበቱ ነው፤ በ60 ነጥብ ብናሸንፍ ኖሮ ግድግዳ አልደገፍም ነበር፤ ጭስም ዐይኔን አይነካኝም ነበር።

ብሪዝበኖች በዚያ ቀን ተሰብረው አልቀሩም። በ2024 ሲድኒን 120 ለ60 ረቱ፤ በ2025ም ዋንጫውን ደገሙት። ያቺ የክፍል ጓደኛዬ የ2024ቱን ውጤት በደብተሯ ሽፋን ላይ በትልቁ ጽፋዋለች። ቡድኗ በዚያ ጨዋታ ያገባው 18 ጎልና 12 የጎን ነጥብ ስለ ሆነ፥ የሳተ ኳስ አይቈጠር ካለች ቁጥሩን ሠርዛ 108 ብላ ትጻፈው ብዬ ጠይቄያታለሁ። እስከ አሁን አልሠረዘችውም። የምትመልሰው ካላት ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ትጻፍልኝ።