የእናቴ እቁብ እና የጣሪያ ላይ ሶላር፦ ሒሳቡ ያዋጣል?

ዘንድሮ እናቴ እቁብ ደረሳት፤ 150,000 ብር። ገና ብሩ እጇ ሳይገባ ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ደወለ። «እታለም፣ ሶላር አስገጥሚና ከመብራት ክፍያ ተገላገይ። እኔ ጣሪያዬ ላይ ካስገጠምኩ ወዲህ ቢሌ ግማሽ አይሞላም» አላት። እሷም ወደ እኔ ዞረች፦ «ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? እስቲ አስላው።»

አሰላሁት። ለናንተም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

ከአጎቴ እንጀምር። እሱ ያለበት አገር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ15 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ነው፤ በዛሬው ምንዛሬ ከ20 ብር ያልፋል። ሲያስገጥም የፌዴራል መንግሥቱ የወጪውን 30 በመቶ ከግብሩ ላይ ቀንሶለታል (ይህ ድጎማ በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ቆሟል)። ቀን የተረፈው ኃይልም ወደ መስመሩ ተመልሶ ከቢሉ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ባትሪ አላስፈለገውም። ለእሱ አዋጥቶታል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ከ2017ቱ የታሪፍ ማሻሻያ በፊት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ የሚከፍለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ 2 ብር ከ48። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ «ካርዱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ምሬት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለሒሳቡ ያህል ታሪፉ 6 ብር ደረሰ እንበል።

አዲስ አበባ ላይ 1 ኪሎዋት ፓኔል፣ የክረምቱ ደመና ታስቦ፣ በቀን በአማካይ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል። በወር 120 መሆኑ ነው። አንዷም ሳትባክን ብንጠቀምበት በወር 720፣ በዓመት 8,640 ብር እናተርፋለን። ፓኔሉ፣ ኢንቨርተሩ፣ ባትሪውና የእጅ ዋጋው እቁቡን ቢጨርሰው፣ ብሩ ተመልሶ የሚመጣው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ደግሞ ባትሪው መቀየሩ አይቀርም፤ ሊቲየሙ 10 ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው፣ የአሲዱ ከዚያ በጣም ያንሳል። ያንኑ ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ብታስቀምጠው በዓመት 10,500 ብር ታገኛለች። ወለዱ ብቻ ከቁጠባው በለጠ! የዋጋ ንረት ብሩን እንደሚበላው አልጠፋኝም፤ ባትሪውንም ግን ጊዜ ይበላዋል።

በዚያ ላይ ምጣዱ አለ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ይሄ ሶላር አይሸከመውም። ከመብራት ሒሳባችን ትልቁን የሚወስደው ደግሞ እሱ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? መብራት ስለሚጠፋ ነዋ። ለልብስ ሰፊው፣ ለፀጉር ቤቱ፣ ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ለሚሠራው ልጅ፣ መብራት የጠፋባት አንዲት ሰዓት የምታስከፍለው 6 ብር አይደለም፤ የዕለት ገቢ ነው። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ሶላሩ የሚወዳደረው ከታሪፍ ጋር ሳይሆን ከኩራዝ፣ ከሻማና ስልክ ለማስሞላት ከሚከፈለው ጋር ነው። እዚያ አንድ ትንሽ ሶላር ቶሎ ዋጋውን ይመልሳል። ከተማ ውስጥ ግን የምንገዛው ቁጠባ ሳይሆን ዋስትና ነው።

ጥያቄው እዚህ ጋ ከእናቴ ቤት ይወጣል። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ሰፈራችን ግን ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ምሰሶ ሲወድቅ ያው ይጨልማል፤ ኃይል ማመንጨትና ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የታሪፉ ጭማሪ መስመሩን ለማደስ ከዋለ እኔ በበኩሌ ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። ካልዋለ ግን አቅም ያለው፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በተወደደ ዶላር የገባ ባትሪ ገዝቶ ራሱን ያወጣል። ጣሪያው የጋራ የሆነበት የኮንዶሚኒየም ነዋሪና ነገ ቤት ልቀቅ የሚባል ተከራይ ግን የትኛው ቆርቆሮ ላይ ይሰቅላል? ጨለማውም ጭማሪውም የእነሱ ይሆናል።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የስድስት ወር ክፍያችሁን ደምሩ። መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለበትን ዕቃ ለዩ፤ ምጣድና ምድጃን ተዉት። ከፓኔሉ ይልቅ ስለ ባትሪው ዋስትና ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ።

እናቴ ለአምፖል፣ ለስልክና ለዋይፋይ ብቻ የምትበቃ ትንሽ ሶላር ልትገዛ ወስናለች። የቀረው ብር ጤፍ ይገዛበታል። አጎቴ ሲሰማ «ልጅሽ አሳሳተሽ» አላት። «አላሳሳተኝም፣ እኔ የምጋግረው እዚህ ነው» አለችው።