ስሙን አግደው ብዕሩን ገዙ

እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት፣ "ዘ ብሬቭ ዋን" ለተሰኘው ፊልም ታሪክ የተሰጠውን ሽልማት ባለቤቱ መጥቶ አልተቀበለም። አሸናፊው "ሮበርት ሪች" ተብሎ ተጠራ። እውነተኛው ጸሐፊ ግን በስሙ እንዳይሠራ የታገደው ዳልተን ትራምቦ ነበር።

ትራምቦ ከሆሊውድ ከፍተኛ ተከፋይ የፊልም ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። የኮሚኒስት ፓርቲ አባልም ነበር። በ1947 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ስለ አባልነቱ ሲጠይቀው አልመልስም አለ። ምክር ቤቱን ተዳፍረሃል ተብሎ ተፈርዶበት በ1950 ወህኒ ወረደ። ስቱዲዮዎቹም በጥቁር መዝገብ አስፍረው በራቸውን ዘጉበት።

በሩ የተዘጋው ግን ለስሙ እንጂ ለብዕሩ አልነበረም። በ1953 "ሮማን ሆሊዴይ" በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ወጥቶ ኦስካር አገኘ። ሌሎች ጽሑፎቹንም በሐሰት ስም በርካሽ ሸጠ። አሳቡ አገር የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ፊልሞቹም በታገዱ ነበር። የታገደው የደራሲው ስምና የላቡ ዋጋ ብቻ ነው።

ትራምቦ ራሱም ከስህተት ነጻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ፀረ ጦርነት ልቦለዱን ፈልገው የጻፉለትን ሰዎች ደብዳቤ ለኤፍ ቢ አይ አሳልፎ ሰጥቷል። መርማሪዎቹ ግን ይበልጥ ማወቅ የፈለጉት ስለ እሱ ስለራሱ ነበር። ሰውን በአሳቡ የሚመዘግብ እጅ ጠቋሚውንም አይምርም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሆሊውድ ውስጥ ግን ንጋቱ በራሱ አልመጣም። በ1960 ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንገር በ"ኤክሶደስ"፣ ተዋናዩ ከርክ ዳግላስም በ"ስፓርታከስ" የትራምቦን ስም በግልጽ እንዲሰፍር አደረጉ። መዝገቡ የተሰነጠቀው ያኔ ነው። ትራምቦ በ1971 ያንኑ የ1939 ልቦለዱን "ጆኒ ጎት ሂዝ ገን"ን በዳይሬክተርነት ለፊልም አበቃው። የ"ዘ ብሬቭ ዋን"ን ሽልማት በ1975 ተረክቦ በዓመቱ አረፈ። የ"ሮማን ሆሊዴይ" ኦስካር ለባለቤቱ የተሰጠው በ1993 ነው።

ዘግይቶ የተመለሰ ስም የባከነውን ዕድሜ አይመልስም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያዘጋጁት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜ የሚሰጠው ግን "እኔን አይመለከተኝም" የሚለው ባልደረባ ዝምታ ነው። ሆሊውድ ያንን ዝምታ ለመስበር 13 ዓመት ፈጅቶበታል።