ቲቢው ድኖ ትንፋሽ ሲያጥር

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ተውጦ ሲያልቅና የአክታ ምርመራው ነፃ ሲሆን ቤተሰብ ሁሉ ተመስገን ይላል። ደግ ነው። ነገር ግን ከዳኑት መካከል ብዙዎቹ ከዚያም በኋላ ዳገት ሲወጡ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ባልዲ ሲያነሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ያን ጊዜ በየቤቱ ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛው "ተመልሶባቸዋል" ብሎ ኩባያቸውን መለየትና የልጅ ልጆችን ማራቅ ነው። ሁለተኛው በፍቅር የሚደረግ ነው፤ "እማዬ፣ አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ" እያሉ ከመደብ ላይ ማስቀረት። ሁለቱም ይጎዳሉ።

መጀመሪያ ስለ ኩባያው። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር እንጂ በዕቃ አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ ጨርሶ የዳነ ሰው ደግሞ ለማንም አያስተላልፍም። ትንፋሹ የሚያጥረው በሽታው ሲድን ጠባሳ ትቶ ስለሚሄድ ነው። ጠባሳ የያዘው የሳንባ ክፍል እንደ ድሮው አይለጠጥም፤ የአየር ቧንቧዎችም ይጠብባሉ ወይም ተለጥጠው አክታ ያጠራቅማሉ።

መቀመጡ ለምን ይጎዳል? ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። የሟሸሸ እግር ደግሞ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ሰውየው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ይብስበታል። ይህን ዙሪያ ጥምጥም የሚሰብረው የሳንባ ተሃድሶ የሚባለው ሕክምና ነው። ጠባሳውን አያጠፋም፤ በቀረው ሳንባ በደንብ መኖርን ያስተምራል።

ቆሼ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው የሞተበትን ቀን ነው። ጭሱና አቧራው ግን የሚጎዳው ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው፤ ቀድሞ ለቆሰለ ሳንባ ደግሞ ሁለተኛ ሸክም ነው። የዚያ አካባቢ ሰው ግን ስለ ተሃድሶ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት እዚያው ዘነበወርቅ ነው ያለው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መድኃኒቱ ጀርሙን ከገደለላቸው በኋላም የደነዘዘ እግርና የታጠፈ ጣት ይቀራቸዋል። ስለዚህ ልዩ ጫማ ይሠራላቸዋል፣ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ እግራቸውን በየቀኑ መፈተሽ ይማራሉ። ለእግር የታሰበው ለሳንባም ሊታሰብ ይገባል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው፤ በተለይ የልብ ሕመም ያለባቸውን። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ከሄዱ ስለ ሳንባ እንቅስቃሴ ይጠይቁ። ከተፈቀደላቸው በኋላ በቤት የሚሠራው ይህ ነው።

አተነፋፈስ፦ በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጠር መሳብ፣ ከዚያ ከንፈርን ለፉጨት እንደሚያሾል ሰው አድርጎ አራት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማውጣት። ዕቃ ሲነሳ ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ይወጣ እንጂ አይያዝ።

እርምጃ፦ በሜዳ ላይ በአምስት ደቂቃ ይጀመር። በየጥቂት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጨመሩ በሳምንታት ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ መድረስ ነው። ልኩ እየሄዱ ማውራት መቻል ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ቆም ይበሉ። መንገዱን በመብራት ምሰሶ ቁጠሩላቸው፤ ለውጡን ራሳቸው ያዩታል።

ጡንቻ፦ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ ተደርጎ ማረፍ፣ እንደገና መድገም። ለክንድ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ ማንሳት ይበቃል።

አክታ፦ ሦስት አራት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሶ፣ መስታወት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፍን ከፍቶ "ሃ" ማለት። ጉሮሮን ከሚያደክም ሳል ይልቅ ይህ አክታውን ወደ ላይ ያመጣዋል።

ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ እጣኑም ከእሳቸው ይራቅ። ሲጋራ በቤቱ አይጨስ። ምግቡ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ይቅረብ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሲገኝም እንቁላል። ጾም የሚከብዳቸው ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

አሁን ዋናውን ማስጠንቀቂያ ልብ በሉ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ወይም የባሰ ሳል፣ የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ። ቲቢ ሊመለስ ይችላልና "ጠባሳው ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ሳይመረመሩም መድኃኒት አይጀምሩ። ደም ያለበት አክታ፣ የደረት ውጋት፣ ተቀምጠው ሳሉ የሚያፍን ትንፋሽ ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ ግን እንቅስቃሴውን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ልጆች ሆይ፣ ለእናት ለአባታችሁ ውኃ ማቀበል መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ክንዳቸውን ይዛችሁ፣ በእነሱ እርምጃ ልክ፣ እስከሚቀጥለው ምሰሶ አብራችሁ መሄድ ነው። የልጅ ልጅ ካለ ቆጠራውን ለእሱ ስጡት።