ለካርቶን ቤት መብራት

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እዚህ ኮድቡር ልጆቻችን ከሽቦ መኪና፣ ከካርቶን ቤት እየሠሩ ሲጫወቱ ሁላችንም እናያለን። ጎማውን ከአሮጌ ሲሊፐር ይቆርጡታል፣ ጣሪያውን ከጣሳ ያወጡታል። መኪናው ቆሞ፣ ቤቱ ጣሪያ ለብሶ ሲያልቅ ግን ሁሉም ልጅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "መብራቱስ?"

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሻማ ቆርጦ ካርቶኑ ውስጥ ያበራል። ሌላው ሽቦ ይዞ የቤቱን ሶኬት ይነካካል። ወላጅ ደግሞ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ ካርቶኑንም ሽቦውንም ጠራርጎ ይጥላል። "ለእኛ ቤት መብራት መክፈል አቅቶን ለካርቶን ቤት!" የሚሉ እናቶችም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ቁጣ ብቻውን ልጁን ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ ከሶኬቱ አያርቀውም። እኛ የምንለው፣ የማይጎዳውን መብራት ራሳችን እናሳየው ነው።

በመጀመሪያ ስለ እሳት። በካርቶንና በላስቲክ መሀል ሻማም ሆነ ኩራዝ ቦታ የለውም። ሐርጌሳ የእሳትን ነገር በደንብ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት ትልቁ የዋሄን ገበያ ሲቃጠል ስንት ነጋዴ ባዶ እጁን እንደቀረ ያየ አይረሳውም። ቤታችን በቤት ላይ ተደግፎ በሚኖርበት ሰፈር ደግሞ የአንዱ ልጅ ሻማ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። በግድግዳው ሶኬት ያለው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። በእጅ ባትሪና በሬዲዮ ውስጥ የምንከተው ባትሪ ድንጋይ ግን አንዱ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 3 ቮልት ይሆናል። በዚህ ልጅ አይነዝረውም። እንግዲህ ለልጆቻችን ሕጉ አንድ ነው፤ ከባትሪ ድንጋይ ጋር እንጫወታለን፣ ከሶኬት ጋር ግን አንጫወትም።

አምፖሉ ከየት ይምጣ? ከተሰበረ የእጅ ባትሪ። ዛሬ በርካሾቹ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ኤል ኢ ዲ ይባላሉ። ቀይ ብርሃን የምትሰጠውን እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ሠራት። ደማቋን ሰማያዊ ለማግኘት ግን ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ፈጀ። ዛሬ የምናያት ነጯ የተሠራችው በሰማያዊዋ ላይ ተመሥርታ ነው። ለዚህ ሥራቸው በጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ልጆቻችን ከቆሻሻ ላይ የሚያነሷት ነገር የኖቤል ሽልማት ያስገኘች ናት ማለት ነው።

ኤል ኢ ዲ ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ከተገለበጠች አትበራም። ስለዚህ ልጁ "ተበላሽታለች" ብሎ ከመጣሉ በፊት ባትሪውን አዙሮ ይሞክር።

አሁን ልኩን እንይ። ልጁ ቤቱን ከእውነተኛው 20 ጊዜ አሳንሶ ይሥራ እንበል። የ2 ሜትር በር 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች እናት 8 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ከጣሪያ የምንሰቅለው የተለመደው አምፖል ወገቡ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ20 ስናካፍለው 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በሁለት መጠን ሲሆን አንደኛው ልክ 3 ሚሊ ሜትር ነው! ሌላው 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱን ለመንገድ መብራት ወይም ለመኪናው ግንባር እናደርገዋለን። ማካፈል የሚያስጠላው ተማሪ እንኳ አምፖሉ ለቤቱ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ማካፈል ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል።

የቀረው ከቤት የሚገኝ ነው። ያለቀ እስክርቢቶ ውስጥ ያለው ቀጭን የቀለም ቱቦ ታጥቦ የመንገድ መብራት ምሰሶ ይሆናል፤ ሽቦው በውስጡ ያልፋል። የጥርስ ሳሙና ክዳን የጠረጴዛ መብራት ባርኔጣ ነው። የለስላሳ ቆርኪ ጠርዙ ተመትቶ ከተስተካከለ ከጣሪያ የሚንጠለጠል መብራት ክዳን ይወጣዋል። ፋኖስ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፋኖስ በእኛ ልክ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ብርሃን ከሚያሳልፍ የእስክርቢቶ ቀፎ ያን ያህል ቆርጦ ኤል ኢ ዲዋን በውስጡ ማቆም ነው። ነጩ ብርሃን የፋኖስ እንዲመስል ቢጫ የከረሜላ ወረቀት ይጠቅለልበት።

ሽቦዎቹ በየመገጣጠሚያቸው በፕላስተር ይሸፈኑ። ሁለቱ ባዶ ሽቦዎች ከተነካኩ ባትሪው ይግላል፣ ቶሎም ይሞታል። ለመኪና ሁለት ነጭ የፊት መብራቶች ሲሠሩ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይገናኙ። አንዷን ከሌላዋ አስከትለን ብናስር ሁለቱ 6 ቮልት ያህል ስለሚፈልጉ በ3 ቮልት አይበሩም። ይህን ልጁ በእጁ ሞክሮ ይየው፤ በሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ ከምንስልለት ይበልጣል።

ለኋላው ቀይ መብራት ትንሽ ሂሳብ አለ። ነጯ 3 ቮልት ያህል ስትፈልግ ለቀይዋ 2 ያህል ይበቃታል። ከ3 ላይ 2 ሲነሳ 1 ቮልት ይተርፋል። ይህን ትርፍ የሚይዝልን ሬዚስተር ነው። 0.01 አምፒር እንዲያልፍ ከፈለግን 1ን ለ0.01 እናካፍላለን፤ መልሱ 100 ኦም ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ መስመር ያለውን ከተበላሸ የባትሪ ሬዲዮ ፈልጉ። ቴሌቪዥንና ቻርጀር ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅለውም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ያበጠ የሞባይል ባትሪም ለልጅ አይሰጥ፤ ከተበሳ ይቀጣጠላል።

ወጪውንስ? እንዲህ ያለች መብራት 0.03 ዋት ገደማ ነው የምትወስደው። አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል የሚበላው ከ160 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ መብራቶችን ያበራል። ለእጅ ባትሪ የደከመ ድንጋይ እንኳ ብዙ ጊዜ ለካርቶን ቤት አያንስም። ስለዚህ እናቶች፣ አዲስ ድንጋይ ግዙ አላልንም፤ የምትጥሉትን ስጧቸው ነው ያልነው። ያፈሰሰውን ግን ጣሉት፤ ፈሳሹ እጅና ዓይን ያቃጥላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ክብ የሰዓት ባትሪ ታናናሾች ባሉበት ቤት አይግባ። ሲ አር 2032 የሚባለው ቁጥሩ ራሱ ልኩን ይናገራል፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ በሕፃን ጉሮሮ ለመቀርቀር የሚመች ነው። ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ሕፃን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ "ይወጣል" ብላችሁም አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚህ የተወለዱ ናቸው። የአባታቸውን ቤት፣ የአያታቸውን ግቢ አላዩም። "አገራችን እንዲህ ነበረች" ብለን ስንነግራቸው እሺ ይላሉ፣ ግን አይታያቸውም። ልጁን የአያትህን ቤት ሥራ ብትሉት ግን መጠየቅ ይጀምራል። በሩ በየት በኩል ነበር? መደቡ ከየት እስከየት? ፋኖሱ የት ነበር የሚሰቀለው? መብራቱን የሚተክልበትን ቦታ እስክትነግሩት ድረስ አይለቃችሁም። ያኔ ዝም ያለ አባት እንኳ "ከምሰሶው ላይ፣ በግራ በኩል" ማለቱ አይቀርም። ይህ ወሬ የሚያሳምማችሁ ካለ አትገደዱ፤ ያን ቤት ትታችሁ ያላችሁበትን ቤት ያሠሩት። እሱም ቤት ነው።

ይህን ጨዋታ ያወቀ ልጅ ነገ የሞባይል ጥገናም ሆነ የሶላር ገጠማ ቢማር መጀመሪያውን ይዟል። ሥራ ይሰጠዋል ብለን ቃል አንገባም። ግን በተሰደድንበት አገር ለልጅ የምናወርሰው መሬት የለንም፤ በእጁ የገባውን ሙያ ግን ማንም አይወስድበትም።

የሠራ ተማሪ ወደ ክፍል ይዞ ይምጣ፤ መስኮት ጋርደን አብረን እናበራዋለን። ያልበራለትም ይዞ ይምጣ፤ ለምን እንዳልበራ አብረን እንፈልጋለን።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ቸር እንሰንብት!