አይ!

ሰሞኑን እዚህ የተወለደችው ልጄ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ «አይ ላቭ ዩ» ልትል «አይ...» ብላ ስትጀምር፣ እናቴ ደንግጣ «ምነው፣ አላናግርም አለች?» አለችኝ።

ይህች «አይ» ጉደኛ ናት። ለእኛ እንቢታ ናት፤ ስንተክዝም «አይ ጊዜ!» እንልባታለን። እንግሊዞች በፓርላማቸው «አይ» ካሉ ግን ደገፉ ማለት ነው። «እኔ» የሚሉባት «አይ» ደግሞ ከጥንቱ «ኢች» ተቆርጣ የቀረች ናት። ለቱርኮች ጨረቃም ወርም ነች። ለጀርመኖች እንቁላል (ይኼኛው ለእናቴ ባይነገር ይሻላል)። ጃፓኖች ከቻይና የወሰዷት «አይ» ፍቅር ናት።

ይህን ብነግራት እናቴ «እንግዲያው በጃፓንኛ ነዋ ያናገረችኝ!» ብላ ሳቀች። ልጄ ግን ምን እንዳሳቀን በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።